ፈረሱና ፈረሰኛው

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ብሂል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ጣሊያናዊው የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ቫለንቲኖ ሮሲ ነው። ከ2001 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) በሆንዳ ሞተር ሦስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ «ድሉ የሞተሩ ነው» የሚሉ አልጠፉም ነበር። እርሱም በዚያው በ2003 አንድም ውድድር ወዳላሸነፈው ያማሃ ተሻገረ። በ2004 የመጀመሪያውን ውድድር ደቡብ አፍሪካ፣ ዌልኮም ላይ አሸነፈ፤ ሞተሩን ከመንገዱ ዳር አቁሞ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሳመውም። የዓመቱንም ሻምፒዮንነት ወሰደ።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይቋጩታል። እኔ ግን አልቋጨውም። ሮሲ በ2011 እና በ2012 በዱካቲ ተወዳድሮ አንድም ድል አላገኘም። ክንዱ ዝሎ ነው እንዳይባል፣ በ2013 ወደ ያማሃ ተመልሶ በኔዘርላንድስ፣ አሰን ላይ አሸንፏል።

ስለዚህ ብሂሉን በግማሹ አንጥቀሰው እላለሁ። «አይዋጋም» እንዳለ ሁሉ «ያደርሳል»ም ብሏልና። ጀግናን ስናወድስ ያደረሰውን ፈረስ፣ ተሸናፊን ስንወቅስም ያላደረሰውን ፈረስ መዘንጋት ፍርድ ማጓደል ነው። ሮሲ ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም፤ ባያውቅማ ኖሮ ዌልኮም ላይ ሞተሩን ስለምን ይስመዋል?