ቤት ከመሸጣችን በፊት፦ ስለ «ሙቅ ኬሞ» ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ አባታችን የትልቁ አንጀት ካንሰር አለበት። ሆዱ ውስጥ ተሰራጭቷል ተባልን። ውጭ አገር ሙቅ ኬሞ የሚባል ሕክምና አለ አሉ፤ ቤቱን ሸጠን እንውሰደው?»

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሙቅ ኬሞ የት ይሰጣል?» ሳይሆን «በዓይን የሚታየው ካንሰር በሙሉ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል ወይ?» የሚለው ነው።

🔹 ሕክምናው ምንድን ነው?
ሆዳችንን ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ፤ ፔሪቶኒየም ይባላል። የአንጀት ካንሰር ወደዚህ ሽፋን ሲዛመት፣ ሐኪሞች ረጅም ሰዓት በሚወስድ ቀዶ ጥገና የሚታየውን ዕጢ ሁሉ ያወጣሉ። አንዳንዴ የአንጀት ክፍል ወይም ጣፊያ አብሮ ይወጣል። ከዚያም ታካሚው ከማደንዘዣው ሳይነቃ፣ እስከ 43 ዲግሪ የሞቀ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሆዱ ውስጥ እንዲዘዋወር ተደርጎ ይወጣል። ይህ ሃይፔክ ይባላል።

🔹 ጥናቶች ምን አሳዩ?
እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የኔዘርላንድ ጥናት፣ ቀዶ ጥገናውንና ሙቅ ኬሞውን አንድ ላይ ያገኙት ታካሚዎች የተለመደውን ሕክምና ካገኙት የበለጠ ዕድሜ አግኝተዋል፤ 22 ወር ገደማ በ13 ወር ገደማ። ነገር ግን ጥቅሙ ከቀዶ ጥገናው ይምጣ ከሙቁ መድኃኒት አልተለየም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ፕሮዲጅ 7 የተባለው የፈረንሳይ ጥናት ይህንኑ ለየ። ለጥናቱ የተመረጡት 265 ታካሚዎች ሁሉም ቀዶ ጥገናውን አገኙ፤ ሙቅ ኬሞው የተጨመረው ለግማሾቹ ብቻ ነው። ውጤቱ? 41.7 ወር በ41.2 ወር። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በ60ኛው ቀን የታየው ከባድ የጎንዮሽ ችግር ግን ሙቅ ኬሞ በወሰዱት ላይ 26 በመቶ፣ ባልወሰዱት ላይ 15 በመቶ ነበር።

በዚያ ጥናት የተሰጠው ኦክሳሊፕላቲን የተባለው መድኃኒት ነው፤ በሌሎች መድኃኒቶች የሚሠሩ ማዕከላት አሁንም አሉ። ቢሆንም «ሙቅ ኬሞ» የሚለው ስም ብቻውን ቤት ሊያሸጠን አይገባም።

🔹 ከመጓዛችሁ በፊት ጠይቁ
✅ ካንሰሩ ወደ ጉበት ወይም ሳንባ ሄዷል?
✅ የሆድ ውስጥ ስርጭቱ ነጥብ (ፒሲአይ፣ ከ0 እስከ 39) ስንት ነው? ከ20 በላይ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናውን አይመክሩም።
✅ በደም ሥር የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ለውጥ አምጥቷል?
✅ የሐኪሞቹ ቡድን ይህን ቀዶ ጥገና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል?
✅ ወደ አገር ስንመለስ ማን ይከታተለዋል?

የባዮፕሲ ውጤቱን፣ የሲቲ ስካን ሲዲውንና የቀድሞ የቀዶ ጥገና ማስታወሻውን አስቀድማችሁ ላኩ። «አምጡትና እናየዋለን» ብቻ ለሚል ማዕከል ትኬት አትቁረጡ።

«ለቀዶ ጥገና አይሆንም» መባል «ምንም አይደረግለትም» ማለት አይደለም። በደም ሥር የሚሰጥ ኬሞቴራፒ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የተዘጋ አንጀትን ማስተንፈስ፣ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃን መቅዳት፣ እነዚህ ሁሉ ሕክምና ናቸው።

በመጨረሻ ከሁሉም በላይ የምለው፦ ብዙ ቤተሰብ «እንዳይደነግጥ» እያለ ሕመሙን ከታማሚው ይደብቃል። የሚከፈተው ሆድ የአባታችሁ ነው፤ የሚሸጠውም ቤት የደከመበት ነው። ሳምንታት ሆስፒታል መተኛት ይፈልግ እንደሆነ፣ ወይስ ጊዜውን ከልጆቹ ጋር ማሳለፍ ይመርጥ እንደሆነ ጠይቁት። የሚሰጣችሁን መልስም አክብሩ።

ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ሼር አድርጉ።