እንቆቅልህ! አገር ስጠኝ!



ፈተና ሲቃረብ የአማርኛ መምህር ሥራ ምን እንደሆነ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በሰሌዳው ግራ በኩል ቃሉን፣ በቀኙ ትርጉሙን ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔ፣ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ መስተዋድድ... እኔም እዚህ ገረሴ ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ተማሪዎቼ «ሰውኛ ዘይቤ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ መስጠት ነው» ሲሉ አንዲት ቃል አይስቱም። አንድ ቀን ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያመለከትኩ «ጉሙ ተራራውን አቅፎ ተኝቷል ብል ይህ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። ገረሴ ደጋ ነው፤ ጉሙን በየጠዋቱ ያዩታል። ትርጉሙንም በየጠዋቱ ይደግሙታል። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

አብዛኞቹ ልጆች በቤታቸው ጋሞኛ የሚናገሩ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ያገኙት ናቸው። ስለዚህ የሸመደዱትን ቃል ከሚያውቁት ነገር ጋር የሚያገናኝላቸው ከሌለ ቃሉ ከፈተናው ወረቀት ጋር ይቀራል። እኔ የተማርኩት በሁለት ቤት ነው፤ በመድረሳና በመንግሥት ትምህርት ቤት። በመድረሳ ሸኻችን ትርጉም ብቻ ሲጠይቁን አላስታውስም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጡና እያንዳንዷን ቃል «ይህቺ ምንድን ናት? ለምን እንዲህ ሆነች?» እያሉ ያስፈቱናል። ኢዕራብ የሚባለው ይህ ነው። ነሕው የቀመሰ ሁሉ «ደረበ ዘይዱን ዐምረን» የሚለውን ያውቃል፤ ዘይድ ዐምርን መታ ማለት ነው። ዘይድ ፋዒል፣ ዐምር መፍዑል። ምስኪን ዐምር! ስንትና ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ሲመታ ኖረ። የኛው አበበ ግን በሶውን ይበላል እንጂ ማንንም አይመታም፤ አበበ ባለቤት፣ በሶ ተሳቢ።

እናም ትርጉም መጠየቁን ትቼ ምሳሌ መጠየቅ ጀመርኩ። መንገዱን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ምድጃ ዳር ነው፤ ከእንቆቅልሽ።

ክፍሉ በሁለት ወገን ይከፈላል። ከአንዱ ወገን አንድ ልጅ ይነሣና «እንቆቅልህ!» ይላል። ወዲያ ማዶ «ምን አውቅልህ!» ይላሉ። ጠያቂው ራሱ የፈጠረውን ምሳሌ ያቀርባል፤ መላሹ ስሙን ይናገራል። ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ስሙን ያወቀ ወዲያውኑ በዚያው ዓይነት ሌላ ምሳሌ ከራሱ ማምጣት አለበት። ያቃተው «አገር ስጠኝ!» ይባላል። መጀመሪያ ላይ ብልጦቹ የማይታወቅ መንደር እየሰጡ ሊያመልጡ ይሞክራሉ፤ ጠያቂው «አልሄድባትም!» ይላል። ከዚያ ካምባ ይሰጣል፣ ጨንቻ ይሰጣል፣ ጅማና ደሴ ይሰጣል። የተሰጠው ሁሉ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። አገር ያገኘው ልጅ እዚያ ሄዶ ምን እንደበላና ምን እንደጠጣ እያወራ ተሸናፊውን ካናደደ በኋላ መልሱን ይናገራል። ደብተር መግለጥ ክልክል ነው።

ጨዋታው ያላሰብኩትንም አመጣ። ስለ ቃል ክፍሎች ስንጫወት አንዷ ልጅ አባቷ ስምንት ናቸው እንዳሏት ተናገረች፤ ሌላው አምስት ናቸው አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የድሮው ትምህርት ስምንት ሲል ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ ብለው አምስት አድርገዋቸዋል። የመድረሳ ልጆች ደግሞ ሦስት አሉ፤ ኢስም፣ ፊዕል፣ ሐርፍ። በ723 ሂጅራ የሞቱት የፋሱ ኢብን አጁሩም ለጀማሪዎች ባዘጋጇት በአጁሩሚያ መጀመሪያ የሚገኘው ይኸው ነው። እዚህ ላይ በሰላም ተለያየን።

በሰላም ያልተለያየነው በዘይቤ ነው። አምና አንድ ልጅ፣ ቅዳሜና እሑድ መድረሳ የሚመጣ ዝምተኛ ልጅ፣ «ዘይድ አንበሳ ነው» የሚል እንቆቅልሽ ደረሰው። «ተነጻጻሪ» አለ። «እንደ» የምትለው ቃል ከሌለች ተለዋጭ ይባላል ብዬ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! «ተሳስተሃል» አልኩት። አፉ አምልጦት «ኡስታዝ፣ በመድረሳ እኮ...» ሲል ክፍሉ ሳቀበት። አላስጨረስኩትም። አርባ ምንጭን የሚያህል ከተማ ከእጁ ወሰድኩ።

ማታ የቆየ የበላጋ ደብተሬን አወጣሁ። በገዛ እጄ እንዲህ ተጽፏል፦ የሚመሰለውና የሚመሰልበት ሁለቱም ከተጠቀሱ፣ ማነጻጸሪያዋ ቃል ብትወድቅም፣ ነገሩ ተሽቢህ ነው፤ ተሽቢህ በሊግ ይባላል። ኢስቲዓራ፣ ማለትም መዋስ፣ የሚሆነው ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋ ነው። ዘይድን ሳይጠሩ «አንበሳ ሲያስተምር አየሁ» ቢሉ ያ ኢስቲዓራ ነው። እኛ በአማርኛ ሁለቱንም ተለዋጭ እንላቸዋለን። ልጁ አልተሳሳተም፤ በአንዱ ቤት ሚዛን የሌላውን ቤት ዕቃ መዝኖ ነበር። ይህን ሊያስተውል የሚገባው በሁለቱም ቤት ያደግሁት እኔ ነበርኩ።

ይህን በክፍል ፊት ለመናገር አራት ቀን ፈጀብኝ። ለምን እንደሆነ መምህር የሆነ ያውቃል። በእነዚያ አራት ቀናት ልጁ አንድም ጊዜ እጁን አላወጣም። በአምስተኛው ቀን ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን በሰሌዳ ጻፍኩ፤ ፈተና ላይ ተለዋጭ በሉ፣ መድረሳ ላይ ተሽቢህ በሉ፣ ለምን እንደሚለያዩም እወቁ አልኩና አርባ ምንጭን መለስኩለት። አልሳቀም።

በሳምንቱ የኅብረ ቃል ተራ ደረሰ። ኅብረ ቃል አንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሚሸከምበት፣ የሰምና ወርቅ መሠረት ነው። ዐረቦች ተውሪያ ይሉታል፤ ቅርብ ትርጉም ይታያል፣ የተፈለገው ሩቁ ነው። ያ ልጅ ተነሣ። «እንቆቅልህ» ያለው ወደ ማዶ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሮ ነው። «እንቆቅልዎ» ማለቱ ነበር እንጂ ድምፁ አልወጣለትም። ምሳሌው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦

«ስሳሳት ተማርኩ።»

ዕውቀት አገኘሁ ነው፤ ይቅር ተባልኩም ነው። በግእዝ እነዚህ ሁለቱ በፊደል ይለያሉ፤ ማስተማር በሃሌታው ሀ መሀረ፣ ይቅር ማለት በሐመሩ ሐ መሐረ ነው። አማርኛ ሁለቱን ፊደላት ውጦ አንድ አደረጋቸውና ለእንቆቅልሽ ተመቹ። «ሰሙ ትምህርት፣ ወርቁ ምሕረት» ብዬ ልቀመጥ ስል «ቲቸር፣ ተናጋሪውን አልመለሱም» አለኝ።

«ተናጋሪው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በዚህኛው ሳቅ እኔም አለሁበት። ገረሴን እስከነጉሟ ሰጠሁት።

ይህን ጨዋታ በቤት ለመጫወት መምህር መሆን አያስፈልግም። ያልተማሩ እናት በእንቆቅልሽ ከአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይበልጣሉ፤ ልጁ ስሙን ይናገር፣ እሳቸው ምሳሌውን ያምጡ። ለዚህ ወር ሦስት ልተውላችሁ፤ መልሱ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም።

በመድረሳ ከኢስም እቆጠራለሁ፤ በትምህርት ቤት የስም ምትክ ይሉኛል። ማን ነኝ?

«ጨንቻ ሆይ፣ ብርድሽን ያዢልኝ!» ያለ ሰው የተጠቀመው ዘይቤ ምን ይባላል?

የቤት ሥራውን ሳይሠራ ለመጣ ልጅ አባቱ «አቤት ጉብዝና!» ቢሉትስ?

ያልመለሰ አገር ይስጥ። በኛ ቤት ልጆቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ መካን መስጠት አይቻልም።