በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ

ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐ ቤቴ አንዲት ዘመድ የታመመ ልጇን ታቅፋ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስትገባ ለጥየቃ ምን ይዘን እንሄዳለን? በሶና የገብስ አጥሚት መሆኑን እናንተም እህቶቼ ታውቁታላችሁ። ደግነት ነው፤ ነገር ግን በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳን ሕፃን ይኸው ደግነት ሊገድለው ይችላል። በተዳከመ ሰውነት ውስጥ ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ በደሙ ያሉት ማዕድናት ይዛባሉ፤ ልቡም ይደክማል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው። እሱም በየሦስት ሰዓቱ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ሌሊትም ጭምር።

መዋጥ ካቃተው ወተቱ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ይወርድለታል። ቱቦውን ያየች እናት «ልጄ አለቀለት» ብላ ታለቅሳለች፤ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» የምትልም አለች። አይፈረድባትም። ሆኖም የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በላዩ ከሚያልፈው ምግብ ራሱ ይመገባል፤ ባዶውን ሲቆይ ይሳሳል፤ ተሕዋስያንን የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። በደም ሥር የሚገባው ግሉኮስ ይህን አይተካም። ጡት የሚጠባ ከሆነ ደግሞ ማጥባቱ አይቋረጥም።

የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና እብጠቱ ሲጎድል ኃይል ሰጪው ምግብ ቀስ በቀስ ይከተላል። በሶውን ግን ለእናቲቱ ዛሬውኑ ስጧት፤ ሌሊቱን ሙሉ የምትነቃው እሷ ናት።