ከመክፈል በፊት አቤት ማለት

በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ዕለት ሞተር ብስክሌቱን የክልከላ ምልክት በሌለበት ስፍራ ያቆመ አንድ ጓደኛችን የቅጣት ወረቀት ተሰጠው። ብዙዎች «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም፤ ክፈልና ዕረፍ» አሉት። እኛ በዚህ ምክር አንስማማም። ያለ አግባብ የተጣለ ቅጣት ዛሬ በዝምታ ከተከፈለ ነገ ልማድ ይሆናል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ጉዳይን ለዳኝነት የማቅረብን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። ስለዚህ የተቀጣ ተማሪ የስፍራውን ፎቶግራፍና የወረቀቱን ግልባጭ አያይዞ፣ የመክፈያው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ያመልክት፤ ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ የሆነበትን ቁጥር ይያዝ። በእርግጥ ያጠፋ ግን ይክፈል፤ አቤቱታ የጥፋት መሸሸጊያ አይደለም።

በአገራችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ዛሬም ቀጪውም ተቀጪውም በዚሁ ቃል ይቁሙ እንላለን።