ጀልባው ለማያውቀው ይመረጥ

በጆርጂያዋ ሊልበርን የሚኖር አበሻ የሸራ ጀልባ ሊገዛ ሲነሣ ዓይኑ የሚያርፈው ፈጣኑ ላይ ነው፤ እኔ ግን ምርጫው ሸራ ነክቶ ለማያውቀው የትዳር ጓደኛ ይተው ባይ ነኝ። ሌዘር የሚባለው 4.2 ሜትር ጀልባ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ነፋሱ ጠንከር ሲል በቀላሉ ይገለበጣል። አንዴ ውኃ ውስጥ የወደቀን ሰው “እንደገና እንሞክር” ማለት ደግሞ ትርፉ ኩርፊያ ነው። ጎርደን ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1957 የነደፈው ፍላይንግ ስኮት ግን 5.8 ሜትር ርዝመትና 385 ኪሎ ገደማ ክብደት ስላለው ይረጋጋል፤ መቀመጫውም ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሳንቃ ወደ ላይ ስለሚሳብም እስከ ዳር ይጠጋል። በአቅራቢያችን ያለው፣ በቢውፎርድ ግድብ የተፈጠረው የላኒየር ሐይቅ ሐምሌ ላይ ነፋሱ ይደክማል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሞተር ጀልባዎቹ ማዕበል ያንገላታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ውስጥ፣ በሥራ ቀን ይሁን። የአብዛኞቻችን አስተዳደግ ደጋ ነው፤ ዋና የማይችለው ብዙ ነው፤ የነፍስ አድን ጃኬቱን አዋቂውም ቀድሞ ይልበስ። ከዚያ መሪውን ለጀማሪው ያስረክብ፤ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ሰው ይልቅ መሪ የያዘ ሰው ፍርሃቱ ያንሳል። ጥላና ማረፊያ ካማራችሁ ካታሊና 22 የሚባለው ጀልባ ካቢን አለው፤ እሱን የሚጎትት ጉልበተኛ መኪና ግን አብራችሁ አስቡ።