ዶሮዋ ተከሰሰች፤ እኛስ?

ስለ ዶሮ ልንጽፍ ነው። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅና ይጨርስ፤ እንጠብቀዋለን።

በዚህች መጽሔት ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት፣ ስለ አገርና ስለ ነፃነት ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ስለ ዶሮ የጻፈ ግን አላየንም። ዶሮ ለብዕር አትመጥንማ! ለጥርስ ሲሆን ግን ትመጥናለች። ለበዓል ዐሥራ ሁለቱን ብልት ቆጥሮ የሚያወራርድ ሁሉ፣ ያችው ዶሮ በሕይወት ሳለች በጎረቤት ግቢ ስትጭር ሲያያት አፍንጫውን ይይዛል። የኛ ጽሑፍ ስለዚህ አፍንጫ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አራት ተማሪዎች ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጣ ካለ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ባለቤቲቱን እማማ እንላቸዋለን። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚተዳደሩት ከኛ በሚያገኟት ኪራይና በዶሮዎቻቸው ነው። ሦስት ዶሮና አንድ አውራ ነበሯቸው፤ አምና እኛም አዋጥተን ሦስት ቄብ ገዝተን ጨመርን። ከእንቁላሉ ለቁርሳችን ይነሣልናል፤ የቀረውን እማማ ለሱቁ ያስረክቡና የበርበሬና የዘይት ያደርጉታል። ጾም ገብቶ ገዢ ሲጠፋ ደግሞ አንዷን ያሳቅፏታል፤ በ21 ቀን ጫጩት ይፈለፈላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለእማማ ተረት አይደለም፤ የቤት ባጀት ነው።

ባለፈው ሐምሌ ታዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ክስ መጣብን፤ አንዱ ከግራ አጥር፣ አንዱ ከቀኝ አጥር።

የግራው ከሳሽ ዳቦ ቤት የሚሠሩ ጋሼ ናቸው። ሌሊቱን ከምድጃ ፊት ቆመው ያድሩና ጎሕ ሲቀድ ቤታቸው ገብተው ጋደም ይላሉ። እሳቸው ጋደም ሲሉ የእማማ አውራ ዶሮ ተነሥቶ ይለቀዋል። እሱ ሲበቃው ደግሞ ዶሮዎቹ ተራ በተራ፣ እንቁላል በጣሉ ቁጥር፣ አገር ይያዝልን ይላሉ። በዚያ ላይ ክረምት ነው፤ የራሰ ኩስ ሽታ በመስኮታቸው ይገባል። ጋሼ ራሳቸው መጡ። ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ «ልጆች፣ እኔ ዶሮ ጠልቼ አይደለም፤ እንቅልፍ አማረኝ» አሉን።

የቀኙ ከሳሽ ባለ ፎቁ ነው። ራሱ አልመጣም፤ ዘበኛውን ላከ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ «ሠፈሩን ገጠር አደረጋችሁት፤ እንግዳ ሲመጣብን እናፍራለን፤ ዶሮዎቹ ካልተወገዱ ወረዳ እንሄዳለን።» ሸተተን አላለም፣ ጮኸብን አላለም፤ እናፍራለን ነው ያለው። ይህችን ቃል ያዙልን።

እኛስ ምን አደረግን? እዚህ ላይ ብንዋሽ ደስ ይለን ነበር። ለባለ ፎቁ ዘበኛ አንገታችንን ሰብረን «እሺ፣ እናያለን» አልን። ለጋሼ ግን ንግግር አደረግን! አውራ ዶሮ የድሃ ሰዓት መሆኑን፣ አባቶቻችን ሌሊቱን በዶሮ ጩኸት እየከፈሉ ለጸሎትም ለመንገድም ይነሡ እንደ ነበር፣ የከተማ ሰው ከተፈጥሮ ተለይቶ ምን ያህል እንደ ጠፋ አንድ በአንድ አስረዳናቸው። ጋሼ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «የኔ ልጅ፣ ሰዓትስ አለኝ» ብለው ገቡ። ለጉልበተኛው እሺታ፣ ለደከመው ሰው ትምህርት! የተማረ ሰው ማለት እንግዲህ እኛ ነን።

ወሬው ሻይ ቤት ደረሰ። እንደ ልማዳችን በሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን «ከተማ ከተማ ነው፤ ዶሮ ማርባት ያማረው ገጠር ይግባ» አለ። ሁለተኛው ወገን «ይህ ሁሉ በድሃ ላይ የተነሣ ክስ ነው፤ ማንንም አትስሙ፤ አንዲት ላባ እንዳትነቀል!» አለ። ሁለቱም ሻያቸውን ጠጥተው ወደ ትምህርታቸው ሄዱ። ዶሮዎቹ፣ ጋሼና እማማ ባሉበት ቀሩ። ለሁለቱም ወገን መልስ አለን።

አንደኛው ወገን ይስማ። ዶሮን ከየትኛው ከተማ ነው የምታባርሯት? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በሠፈር በሠፈር ነው የተተከለችው፤ ከሠፈሩ ጋር ግቢው፣ በረቱና የዶሮው ቆጥ አብሮ ገብቷል። ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሠፈር ነበረን፤ በ2016 ዓ.ም. እስኪፈርስ ድረስ በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። ከተማችን ዶሮን በማነቂያዋ በኩል ብቻ ነው እንዴ የምታውቃት?

እስቲ በበዓል ዋዜማ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ብቅ በሉ። በየበረንዳው እግሯን የታሰረች ዶሮ አለች፤ በአራተኛ ፎቅ አውራ ዶሮ ይጮኻል። በማግስቱ ላባውና አንጀቱ በቦይ ውስጥ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ አቤቱታ ሲጽፍ ያየነው የለም። ሦስት ቀን ታስራ የምትታረደው ዶሮ የከተማ ዶሮ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ እንቁላል የምትጥለዋ ግን ገጠሬ! ዳኝነት እንዲህ ነው?

ኅዳር 2015 ዓ.ም. መንግሥት የሌማት ትሩፋት የሚለውን ዘመቻ ሲጀምር ወተት፣ ማር፣ እንቁላልና የዶሮ ሥጋ በየቤቱ ይመረት ብሎ ነው። በአዳራሽ ሲነገር የሚጨበጨብለት ነገር ከእማማ አጥር ሥር ሲገኝ ነውር የሚሆነው ለምንድን ነው? የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። የፈረንጅ ዶሮ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትጥላለች፤ ግን የተሟላ መኖ፣ መድኃኒትና ቤት ትፈልጋለች። የእማማ ዶሮ የምትፈልገው ጥቂት ፉርሽካ፣ የማዕድ ትራፊና የምትጭርበት ክንድ የምታህል መሬት ነው። ይህንም የምንነሣት ከሆነ ስለ ኑሮ ውድነት በሻይ ቤት ባንተክን ይሻላል።

አሁን ተራው የሁለተኛው ወገን ነው። እኛም ከዚሁ ወገን ነበርን፤ ስለዚህ ጠንከር ብንል አትቀየሙን።

ማንንም አትስሙ ትላላችሁ። ጋሼ ማን ናቸውና ነው የማይሰሙት? ጠዋት ከእንቁላላችን ጋር የምንገምጠውን ዳቦ እሳቸው ናቸው ሌሊቱን ሲጋግሩት ያደሩት። ስለ ሠራተኛው ላብ ስንት ገጽ ጽፈን፣ ያ ሠራተኛ ከአጥር ወዲያ «ልተኛ» ሲለን አውራ ዶሮ አስጮኽንበት። ድሃን በድሃ ላይ አስነሥቶ ለድሃ ተቆርቋሪ መባል እንደዚህ ይቀላል።

ሽታውም እውነት ነበር። ከአራታችን አንዱ የኬሚስትሪ ተማሪ ነው። ከራሰ ኩስ የሚወጣው፣ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አሞኒያ መሆኑን ያውቃል፤ ፎርሙላውን ቁጭ ብሎ ይጽፍላችኋል። ኩሱ ከደረቀ ግን አሞኒያው እንደሚቀንስ፣ ለማድረቅም አንድ ጆንያ ሰጋቱራ እንደሚበቃ ያሰበው ጋሼ ከከሰሱ በኋላ ነው። ዕውቀት ደብተር ውስጥ ሲቀመጥ እሱም ይሸታል።

ሌላው ጉድ ይኸው፤ ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ሲፈለግ ነው። ይህን በሻይ ቤቱ ስንናገር ግማሹ ሰው ሙግት ገጠመን፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እኮ ነው! እማማ ግን ስንነግራቸው «እሱንማ አውቃለሁ፤ ድምፁን ለምጄው ነው» አሉ። የጋሼን እንቅልፍ የነሣው እንግዲህ የእንቁላል ጉዳይ አልነበረም፤ የእማማ ብቸኝነት ነበር። ይህን የጠየቃቸው የለም። እኛም ብንሆን ከተከሰስን በኋላ ነው የጠየቅናቸው።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር ከጋሼ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1225፣ ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል፤ ጭሱ፣ ጥላሸቱ፣ መጥፎ ሽታውና ድምፁ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ ሽታና ድምፅ ፈጽሞ አይኑር አላለም። ልክ ይኑረው ነው ያለው፤ የአካባቢው ልማድም ይታይ ይላል። «እንግዳ ሲመጣ እናፍራለን» የሚለውን ግን አንቀጹን ገልብጠን ብንፈልግ አጣነው።

ስለዚህ ንግግሩን ትተን አካፋ ያዝን። ያደረግነውን እንጻፈው፤ ለሌላም ይጠቅም ይሆናል።

ቆጡን ከጋሼ መስኮት ሥር ነቅለን ወደ ግቢው ማዶ ወሰድነው። ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርገን፣ ቆርቆሮውን አዘንብለን፣ ዙሪያውን ቦይ ቀደድንለት፤ የክረምት ውኃ ካልገባ ሽታው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ በነፃ እናመጣለን፤ ሰጋቱራ ሲጠፋ የጤፍ ጭድ እናነጥፋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርገን አዲስ እንለውጣለን። የምድጃ አመድ ለዶሮዎቹ መንከባለያ በጥግ እናፈስሳለን፤ ቅማሉን ያራግፍላቸዋል። የተጠረገው ኩስ ትኩሱን ለተክል ቢደፋ ያቃጥላል፤ ከቅጠልና ከአፈር ጋር ከምረን፣ ሸፍነን፣ ወራት ካስቆየነው በኋላ ለእማማ ጎመንና ጌሾ ፍግ ይሆናል። መኖው ማታ ይነሣል፤ ያደረ መኖ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ የማንንም አጥር አይጠይቅም። በሁለቱም አጥር ሥር የሽቦ መረብ ዘረጋን፤ የሰው ጓሮ መጫር ቀረ። ለፈንግል እናስከትባለን፤ የሞተች ዶሮ ካለችም ትቀበራለች እንጂ ቦይ አትጣልም። ዶሮዎቹ ስድስት ናቸው፤ ግቢው የሚችለው ይህንኑ ስለሆነ ሰባተኛ አይጨመርም።

አውራውስ? ስለ እሱ ከእማማ ጋር ሦስት ማታ ተነጋገርን። ሁለት ቀን አኮረፉን። በመጨረሻ «የሰው እንቅልፍ ከልማዴ አይበልጥም አልልም» አሉ። ለእንቁጣጣሽ ታረደ፤ ለጋሼም በሳህን ተላከላቸው። «ይሄ ነው እንዴ ሲጨቀጭቀኝ የከረመው?» ብለው ተቀበሉ። ማሳቀፍ ሲፈልጉ እማማ አውራ ካለበት ቤት እንቁላል ይለውጣሉ። ዶሮዎቹ እንቁላል ሲጥሉ መጮኻቸውን ማንም ሊያስቀረው አይችልም፤ ይህንኑ ለጋሼ በግልጽ ነገርናቸው። «ከማዶ ከሆነ ግድ የለም፤ እናት ናት ትጩኽ» አሉ። አሁን እኛ ቡና ሲፈላ እንጠራቸዋለን፣ እሳቸው የተሰበረ ዳቦ ለዶሮዎቹ ያመጣሉ።

ባለ ፎቁስ? ሽታው ጠፋ፣ አውራው ታረደ፣ በሱም በኩል መረብ ተዘረጋ። ዘበኛው እንደገና መጣ፤ መልእክቱ ያው ነው። አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ያን ጊዜ ነው የገባን። ክሱ በዶሮዋ አልነበረም። ዶሮዋ ብትሄድ የምጣዱ ጭስ ይመጣል፤ ከጭሱ ቀጥሎ የተሰጣው በርበሬ፣ ከበርበሬው ቀጥሎ የዛገው ቆርቆሮ አጥር፣ በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ናቸው የሚያሳፍሩት። ለጋሼ ክስ መልሱ አካፋ ነበር። ለዚህኛው ክስ ሰጋቱራ አይሠራም። ወረዳ ከጠሩን እንሄዳለን፤ የጠረግነውን አሳይተን፣ ጋሼን ምስክር ይዘን፣ እማማን መሀል አድርገን እንቆማለን። አሁን ግን ለዘበኛው «እሺ፣ እናያለን» አንልም። አይተናል።

ለናንተ ለጓደኞቻችን አንድ ነገር ብለን እንጨርስ። ከመካከላችን የእናቱን ጎጆ በግጥም ያላወደሰ ማን አለ? የጭሱ ሽታ ይናፍቀናል፤ የዶሮ ጩኸት ይናፍቀናል፤ በወረቀት ላይ። የሰው እናት ዶሮ ሲሆን ግን ይሸተናል። ወይም ደግሞ በሰው እንቅልፍ ላይ እንፎክርባታለን። ከሁለቱም እንውጣ። «ሸተተኝ፣ ጮኸብኝ» ያለ ጎረቤት ክርክር አይገባውም፤ ዛሬውኑ ሥራ ነው የሚገባው። «አፈርኩባችሁ» ያለውን ግን ይፈር፤ እኛ እሱን ለማስደሰት ከእማማ ሌማት ላይ እንቁላል አናነሣም።

የሚከራከረን ካለ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ይምጣ። አካፋም ቢይዝ ደግ ነው፤ የኛው እጀታው ወልቋል።