የጋዶሊኒየም መጠን በግማሽ መቀነሱ ብቻውን ይበቃልን?

የኤምአርአይ ምስልን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት በአብዛኛው ጋዶሊኒየም የተሰኘውን ብረት የያዘ ነው። የብረቱ ሰባት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች በአቅራቢያው ያሉ የውኃ ፕሮቶኖች ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው የሚመለሱበትን ጊዜ ስለሚያሳጥሩ ሕብረ ሕዋሱ ደምቆ ይታያል። ነጻው አዮን ግን መርዛማ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው አዮኑን በያዘው ሞለኪውል ጥብቀት ላይ ነው።

እስራቱ የላላ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2006 ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን ላይ በታየው ቆዳን የሚያደድር ሕመም ታወቀ። በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች ኮንትራስቱን ደጋግመው በወሰዱ ሰዎች አንጎል ላይ የቀረ ምልክት አሳዩ። በ2017ም የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ አብዛኞቹ ሰንሰለታማ ውሁዶች እንዲታገዱ ሐሳብ አቀረበ።

በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ቀለበታማው ጋዶፒክሌኖል ከተለመደው 0.1 ሚሊሞል በኪሎግራም ይልቅ በ0.05 ይሠራል። ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ችግሩን ሁሉ እንደፈታ አድርጎ ማወደስ ችኩልነት ይሆናል፤ ለዓመታት የሚመረመር ሕመምተኛ ግማሹንም ደጋግሞ ይወስዳልና። የ2021 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ መደበኛ ክትትል ኮንትራስት የግድ እንደማያስፈልግ ገልጿል። የደሙን ውኃ ራሱን በሬዲዮ ሞገድ ምልክት አድርጎ የአንጎልን የደም ፍሰት የሚለካ ዘዴም አለ፤ ምልክቱ ደካማ ቢሆንም (የሚሸጥ ጠርሙስም ባይኖረው) ሊታገዝ ይገባዋል። እስከዚያው፣ የምርመራ ማዘዣው ኮንትራስቱ ለምን እንዳስፈለገ ሐኪሙ በጽሑፍ የሚያስረዳበት ቦታ ይኑረው።